የብላጎየ ቤት ቅዱስ

ቪቶሚር የሞራቫን ወንዝ ተከትሎ የሚመላለስ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ክርስቲያን መሆኑን ለማወቅ ጠጋ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። ደረቱ ላይ የጣት ርዝመት ያለው መስቀል፣ እጁ ላይ መቁጠሪያ፣ ከፊቱ ባለው መስታወት ሥር ሦስት ሥዕል አለ። ቤተ ክርስቲያን ባየ ቁጥር መሪውን ለቆ ሦስት ጊዜ ያማትባል፤ በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ችግር የለም። ተሳፋሪው ለምዶታል። ያልለመደው አባቱ ብላጎየ ብቻ ነበር። «እግዜር መንገዱን ያውቀዋል፣ አንተ መሪህን ያዝ!» እያለ ሰው መሀል ያሳፍረው ነበር።

ብላጎየ በድሮው የኮሚኒስት መንግሥት የትምህርት ቤት ዳይሬክተርና የፓርቲ አባል ነበር። ሌላው ቤት ሁሉ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ቅዱስ አለው፤ በዕለቱ ሻማ ይበራል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ እንግዳ ሳይጠራ ይመጣል። በብላጎየ ቤት ግን እንዲህ ያለ ቀን ታይቶ አያውቅም። አንድ የፋሲካ ምሳ ላይ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ሳለ ቪቶሚር ብስጭት ብሎ «ቆይ እኛ የማን ነን? ቅዱሳችን ማነው?» አለው። ሽማግሌው ሹካውን አስቀምጦ «የማንም አይደለንም» አለና ወጣ። ባለፈው መጋቢት ሞተ። ቪቶሚርም እንደኖረው ይሸኝ ብሎ ያለ ካህን ቀበረው።

እንግዲህ አሁን አባወራው ቪቶሚር ነው፤ ቤቱ ደግሞ ያለ ቅዱስ ሊቀር አይገባም። የቅድመ አያቱ ስም ሚሃይሎ፣ ማለትም ሚካኤል ስለነበር ሌላ ማንንም ሳያማክር «ቅዱሳችን ሚካኤል መሆን አለበት» ብሎ ቆረጠ። በኅዳር ሚካኤል ዕለት አሳማ ተጠበሰ፣ ወይን ቀረበ፣ ሰፈሩ በሙሉ መጣ። ሚስቱ ሮሳንዳ ቅዱሱ ጊዮርጊስ ከሆነ ቤት የመጣች ናት። እናቷ እንደምታደርገው ስንዴ ነፍራ፣ የዋልነት ፍሬ ወቅጣ፣ ስኳር ነስንሳ በር ላይ ቆመች። የሚገባው ሁሉ እያማተበ አንዳንድ ማንኪያ ይቀምሳል። የጎረቤቷ የእማማ ዶብሪላ ተራ ሲደርስ ግን አሮጊቷ ማንኪያውን አንስታ መለሰችው።

«ለማን ነው ይሄ?»

«ለሚካኤል ነዋ፣ እማማ።»

«ለሚካኤል ንፍሮ? ንፍሮ ለሞተ ነው። መልአክ መቼ ሞቶ ነው የምትነፍሩለት?»

ሮሳንዳ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «እኔ ሁለት ማንኪያ በልቻለሁ፤ አሁን ምን ልሁን?» አለ አንዱ እንግዳ። ሌሎቹ ሳቁ። ወጣቱ ቄስ አባ ዴያን «ግድ የለም፣ ንፍሮ ለሁሉም ይሆናል» ብለው ነገሩን ሊያበርዱ ሞከሩ።

«አባ፣ እርስዎ ትናንት የመጡ ነዎት፣ ይቀመጡ!» አለቻቸው ዶብሪላ። ቪቶሚርን በእጅጌው ጎትታ ወጥ ቤት አስገባችውና በሩን ዘጋች።

«ደግሞስ ቅዱሳችሁ ሚካኤል አይደለም። ኒኮላ ነው።»

«ማን ነገረዎት?»

«አባትህ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ታኅሣሥ ላይ ኒኮላ ሲደርስ በጓሮ በር እኔ ጓዳ ይገባ ነበር። ዳቦውን እኔ እጋግርለታለሁ፤ እሱ ሻማውን አብርቶ ይጸልያል። አምናም መጥቷል። ደረጃው አቅቶት ደግፌ ነው ያስገባሁት።»

ቪቶሚር የምትናገረው ስለ ሌላ ሰው መሰለው። ያ በጸሎቱ ሲያላግጥበት የኖረ ሰውዬ በሰው ጓዳ ተደብቆ ሲያማትብ ሊታየው አልቻለም። ግራ ገባው፤ ግራ ሲገባው ደግሞ ይቆጣል።

«እሺ፣ ያኔ ሥራውን ፈርቶ ነው እንበል። ፓርቲው ከፈረሰ በኋላስ? ከሃያ ዓመት በላይ ማንን ነው የሚፈራው?»

«እኔም ጠይቄዋለሁ። ‹ልጄ በአደባባይ እንዲያ እያማተበ እኔ አሁን በምን አፌ?› አለኝ።»

«ምን ማለት ነው? በእኔ አፍሮ ነው በራሱ?»

«እኔ ምን አውቄ። እንዳልናገር አስምሎኝ ሞተ። ዛሬ የሌላ ሰው ቅዱስ ይዘህ ሳይህ ነው ያላስቻለኝ።»

«ቀብሩ ላይ እኮ ነበሩ! ካህን አያስፈልግም ስል እየሰሙ ዝም አሉ!»

«ነበርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። አንተስ ለምን አልጠየቅከውም?»

«ጠይቄዋለሁ!»

«ሰው ፊት ነው የጠየቅከው» አለችው።

በአባቱ ተናደደ፣ በአሮጊቷ ተናደደ፣ ከዚያ ንዴቱ ዞሮ ዞሮ ራሱ ላይ አረፈ። ቢቻለው በጓሮ በር ወጥቶ በሄደ ነበር። ግን ሮሳንዳ በሩን ከፍታ «ቄሱ ዳቦውን ይዘው ቆመዋል፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለችው።

ሳሎን ሲመለስ ግማሹ ሰው ተቀምጧል፣ ግማሹ ኮቱን ይዞ ቆሟል። ጥብሱ እየቀዘቀዘ ነው። ወሬው ከወጥ ቤቱ በር ቀድሞ ወጥቶ ኖሮ አባ ዴያን «እንግዲህ የማንን መዝሙር ልበል? የሚካኤልን ወይስ የኒኮላን?» ብለው ጠየቁት።

«አላውቅም፣ አባ» አለ ቪቶሚር። እውነቱን ነበር።

ቄሱ ትንሽ አሰቡና ቪቶሚር ጠዋት የሰጣቸውን ወረቀት አወጡ። በዚህ ቀን በስማቸው የሚጸለይላቸው የቤቱ ሙታን ዝርዝር ነው። «ከነሱ እንጀምር» አሉና ማንበብ ጀመሩ። «ሚሃይሎ። ስታኖይካ። ራዶይካ...» ወረቀቱ እዚያ ላይ አለቀ።

«አንድ ስም ጎድሏል» አለ ቪቶሚር።

«የማን?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ዳይሬክተሩን የማያውቅ አንድም አልነበረም፤ ግማሾቹ ተማሪዎቹ ናቸው።

«የአባቴ። አማኝ ነበር። እኔ ነኝ ሳላውቅ እንደ ከሃዲ የቀበርኩት» አለ። ያን ያህል ሰው ሲያየው የኖረ ሰው እንደዚያን ቀን መታየት ከብዶት አያውቅም።

ማንም አልሳቀም። ቄሱ ኪሳቸውን እየዳበሱ እስክሪብቶ ፍለጋ ያዙ። ቪቶሚር ግን እስኪጽፉት መታገሥ አልቻለም።

«ብላጎየ በሉ፣ አባ» አለ። «ብላጎየ።»