የዓርብ ከሰዓት ቋንቋ

ገብረየስ ኤስፔራንቶ፣ ያንን የማንም አገር ያልሆነ ሰው ሠራሽ ቋንቋ፣ የጀመረው ልጁ ስለለመነችው ነው። ነገሩ እንደ ፈረንጆቹ በ2013 ነበር። ካርቱም ከገባ ሃያ አንድ ዓመቱ፤ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ ሙከይፍ፣ ያንን በውሃና በገለባ የሚሠራ ማቀዝቀዣ፣ እየጠገነ ያድራል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከልጁ ከእፀገነት ጋር ደህና ወሬ አውርተው አያውቁም። ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እዚያው ተወልዳ እዚያው አደገች። አማርኛዋ ይሰባበራል። ቤተ ክርስቲያን እኩዮቿ “ዐረቧ” ይሏታል፤ ትምህርት ቤት ደግሞ “ሐበሺያ”።

አስተማሪው ጎረቤታቸው ኡስታዝ በሽር ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ጸሐፊ። ቋንቋውን በወጣትነታቸው ከአንድ ቡልጋሪያዊ ጋር ደብዳቤ ሲጻጻፉ ተማሩት። ዓርብ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና አባትና ልጅ በረንዳቸው ላይ ይሰበሰባሉ።

“እዚህ ባለአገር የለም” አሉ የመጀመሪያው ቀን፤ “ሁላችንም እንግዳ ነን፤ ሁላችንም እንሳሳታለን።”

እፀገነት ወደ አባቷ ዞር ብላ ፈገግ አለች። ገብረየስ ፈገግታውን አየ፤ ትርጉሙ የገባው ግን ዘግይቶ ነው።

ሦስት ወር መልካም ሄደ። ረክሻ፣ ያው ባጃጅ፣ ላይ ተቀምጠው የሚያልፉትን ነገር ሁሉ በአዲሱ ቋንቋ እየጠሩ ይሳሳቃሉ፤ ሾፌሩ እብዶች ናቸው ይላል።

በአራተኛው ወር ተሳቢ መጣ። ኡስታዝ በሽር ሰሌዳው ላይ “ላ ሁንዶ ሞርዲስ ላ ቪሮን” ብለው ጻፉ፤ ውሻው ሰውየውን ነከሰው ማለት ነው። ከዚያ ቃላቱን ገለበጧቸው፤ ሰውየው ፊት፣ ውሻው ኋላ። የተነከሰው ያው ሰውየው ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለችው “ን” ትመሰክራለች። ተማሪዎቹ ግራ ገባቸው። ገብረየስ ግን ወዲያው ያዘው፤ የአማርኛዋ “ን” ናት። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ባለቤትና ተሳቢ በአርጩሜ የገባው ሰው ነው። በዚያ ከተማ በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ በአንድ ነገር አንደኛ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ቀን ነበር፤ ልቡ አበጠ።

እፀገነት ሰሌዳው ጋ ወጥታ “ን”ዋን ዘለለቻት።

“በእናትሽ ቋንቋ ያለውን እንኳ አታውቂም?” አላት። “ቤትም እኮ ‘እኔ አባባ ጠበቅሁ’ ነው የምትይው።” ድምፅዋን አስመሰለ። ተማሪዎቹ አማርኛ ስለማይሰሙ፣ ቀልዱ እንዳያመልጣቸው ወደ ዐረብኛ መለሰላቸው። ሳቁ። ኡስታዝ በሽር አልሳቁም።

በሚቀጥለው ዓርብ ራሴን አመመኝ ብላ ቀረች። ከዚያ ፈተና ደረሰባት። ልጅ አኩርፋ ትረሳለች አለ። እሷ ግን አላኮረፈችም፤ እራት ታቀርባለች፣ ሲጠራት አቤት ትላለች፤ ሁሉንም በዐረብኛ። አማርኛ ከዚያ ወዲህ ከአፏ አልወጣም።

“ልጅህ ቋንቋ ፍለጋ አልመጣችም” አሉት ኡስታዝ በሽር። “የማይሳቅባት ቦታ ፈልጋ ነው የመጣችው። ሂድና ይቅርታ በላት።”

ነገ እላለሁ አለ። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቶ አያውቅም። ነገ ወር ሆነ፤ ወሩ ዓመት። ኡስታዝ በሽር ኦምዱርማን ወንድ ልጃቸው ቤት ገቡ፤ ገብረየስ የኤስፔራንቶውን መማሪያ መጽሐፍ ብቻውን ጨረሰ። በ2017 እፀገነት ሥራ አግኝታ ካይሮ ሄደች።

የዚያን ዓመት መጨረሻ ደወለላት። ይቅርታውን በአማርኛ እንዳይላት፣ ያቆሰላት በሱ ነው። ሦስት ቀን ሲያሰናዳ የሰነበተውን በኤስፔራንቶ ተናገረ፤ ሳቅሁብሽ፣ ጥፋቱ የኔ ነው የሚል። አንድም ስህተት አልነበረበትም።

እሷ በዐረብኛ፣ “ባባ፣ ይሄንን ረስቼዋለሁ” አለችው፤ “በዐረቢ ንገረኝ።”

የገብረየስ ዐረብኛ የሞተር፣ የቱቦና የዋጋ ዐረብኛ ነው። “መዓሌሽ” አላት፤ አውቶቡስ ላይ እግር የረገጠ ሰው የሚላትን።

“ለምኑ?”

ለምን እንደሆነ የሚነግርበት ቃል ፈለገ። አጣ።

“ሳኪት” አላት፤ እንዲያው፣ ያለ ምክንያት ማለት ነው።