ሐኪሟና ነጩ ገጽ

በጡረታ መሥሪያ ቤቱ ሁሉም «ሐኪሟ» ይሏታል፤ የታመመ የኮምፒውተር ገጽ ስለምታድን። ወንድሟ ከሞተ ሃያ ሦስት ቀን ሆኖታል። አላለቀሰችም። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ማታ ማታ የሟቹን ስልክ ቻርጅ ታደርጋለች፣ ጠዋት ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። ለምን እንደሆነ የጠየቃት የለም።

ዘጠኝ ተኩል ላይ መዝጋቢዋ ከታች ወጣች።

«ሽማግሌው ሾፌር ዛሬም መጥተዋል። አራተኛ ቀናቸው ነው። የቤተሰባቸውን ዝርዝር ስከፍት ገጹ ነጭ ይሆናል።»

«ነገ አይሆንም?»

«ልጃቸው ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው። ሆስፒታሉ የቤተሰብ ማስረጃ ጠይቋል፤ ዝርዝሩ ዛሬ ታትሞ ካልደረሰ ተራዋን ለሌላ ይሰጡባታል። እኛ ደግሞ አሥራ አንድ ላይ እንዘጋለን።»

ሐኪሟ ይህ ሊያስደነግጣት እንደሚገባ ታውቃለች፤ ግን ምንም አልተሰማትም። እጇ ብቻ ሲስተሙ ስህተቱን የሚመዘግብበትን ሎግ ከፈተ።

ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራው ይህ ገጽ ኮምፖነንት የሚባሉ ክፍሎች አንዱ በአንዱ ውስጥ ተሰክተው የሚቆም ነው። ውስጠኛው ሲወድቅ ያቀፈውንም ይዞት ይወድቃል፤ ለተመልካች የሚተርፈው ነጭ ሜዳ ነው። ሎጉ እንደ አመሉ ሁለት መቶ መስመር ለፈለፈ። ቁም ነገሩ አንዷ መስመር ላይ ነበር፤ ስልክ ቁጥር የሚያሳየው ኮምፖነንት ቁጥር ሲጠብቅ ባዶ አገኘ። የሾፌሩ ባለቤት ካረፉ ሁለት ወር ሆኗቸዋል፤ ቁጥራቸው ተሰርዟል።

ጥፋቱ የማን ነው ከተባለ የራሷ ነው። ዓምና ለሞቱ ሰዎች የልደት መልካም ምኞት እየተላከ ቤተሰብ ሲያማርር፣ «የሟች ቁጥር ወዲያው ይሰረዝ» ብላ ያዘዘች እሷ ናት። ባለፈው ሳምንት ከሐዘን ተመልሳ ገጹን ስታድስ ግን የራሷን ትእዛዝ ረሳችው።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው። ቁጥር ከሌለ ሰረዝ ይታይ። ጻፈችው። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ደግሞ ሳይሞከር ምንም አይለቀቅም ይላል፤ ሙከራውም በራስ መዝገብ ብቻ ነው፣ የሰው መዝገብ መንካት ክልክል ነው። የራሷን ከፈተች። ቤተሰብ በሚለው ስር ያለው አንድ ሰው ነው፤ የወንድሟ ስም፣ አጠገቡ ቁጥሩ። የሌላውን ሟች ሁሉ ቁጥር ያስሰረዘችው ሴት ይህን አልሰረዘችም።

«ምነው ቆምሽ?» አለቻት መዝጋቢዋ።

«ምንም።»

ቁጥሩን አሃዝ በአሃዝ አጠፋችና መዝግብ የሚለውን ተጫነች። ገጹ ሙሉ ሆኖ ወጣ። የወንድሟ ስም አለ፣ አጠገቡ ሰረዝ። ማስተካከያውን ለቀቀችው፤ መዝጋቢዋ ልታትም ሮጠች።

ከአፍታ በኋላ ሽማግሌው ወረቀታቸውን ይዘው፣ ጉልበታቸውን እየደገፉ ደረጃውን ወጥተው መጡ።

«ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥሽ። ሳላመሰግንሽ አልሄድም ብዬ ነው።»

ቦርሳዋ ውስጥ ስልክ ጮኸ። አወጣችው። «ይህ ቁጥር ከመዝገባችን ተሰርዟል። አብረውን ስለቆዩ እናመሰግናለን» ይላል። ቁጥር ሲሰረዝ ሲስተሙ ወደዚያው ስልክ የሚልከው ማሳወቂያ ነው፤ ቃሉንም የጻፈችው ራሷ ናት። ለሟቾችም እንደሚደርስ አስባው አታውቅም።

«ማን ነው?» አሉ ሽማግሌው ፊቷን አይተው።

«የወንድሜ ስልክ ነው» አለች። ከዚያ በሃያ ሦስት ቀን ውስጥ ከአፏ ያልወጣውን አወጣችው። «ሞተብኝ፣ አባባ።»

ሆስፒታል የሚቸኩሉት ሰውዬ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።