የኒቫልዶ ድምፅ ያለበት ዲስክ

ኤሊየሰር የአዲሱን ሰርቨር ማራገቢያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠርግ ነበር። በኩባዋ የባሕር ዳር ከተማችን በጊባራ የባሕሩ ጨው የማይገባበት የለም። መብራት እስኪመጣ እጁን ሥራ ማስፈታት አይወድም። እሱ የሬዲዮ ጣቢያው ቴክኒሻን፣ እኔ ደግሞ የጽዳት ሠራተኛ ነበርን፤ ይህን ሁሉ ያየሁት መወልወያዬን ይዤ በሩ አጠገብ ቆሜ ነው።

የጣቢያው አሮጌ ኮምፒውተር ከመሞቱ በፊት፣ ኤሊየሰር ያለውን ሁሉ ወደ አንድ ትልቅ ፋይል ገልብጦት ነበር። ታናሽ ወንድሙ ኒቫልዶ ጠዋት ጠዋት ለዓሣ አጥማጆች የባሕሩን ጠባይ ሲናገር የተቀዳው ድምፅ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ኒቫልዶ ራሱ በጀልባ ወጥቶ አልተመለሰም። ድምፁን የሚከፍተው አሮጌው ኮምፒውተር ላይ የነበረው ፕሮግራም ብቻ ነው፤ በአሮጌው ኮምፒውተር ምትክ የመጣው አዲሱ ሰርቨር ደግሞ ያንን ፋይል እንደ ዲስክ ተቀብሎ አላስነሣም አለ። የዲስኩ የውስጥ አከፋፈል ተለውጦ አዲስ ማስነሻ ሊጻፍበት ይገባል፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ ግን ያለው ሁሉ ይጠፋል። ትርፍ ቅጂ ማስቀመጫ ቦታ አልነበረም።

እናቱ ኦርተንሲያ ከአልጋ መውረድ ካቆመች ቆይታለች። ዲስኩ ሲነሣ ጣቢያው የኒቫልዶን ድምፅ ሊያሰማላት ነውና፣ ያን ጠዋት ትንሿን ሬዲዮዋን ለኤሊየሰር ሰጥታው ነበር።

«ለሜሊቶን ስጠው፣ ይጠግንልኝ። ልጄን በሚንኮሻኮሽ ሬዲዮ አልሰማም።»

«እማዬ፣ መጀመሪያ ዲስኩ ይነሣ እንጂ።»

«አንተ እንደሆንክ ስትወለድም ዘግይተህ ነው!»

ሬዲዮውን ጠጋኙ ሜሊቶን ዘንድ ጥሎ መጣ።

ከሰዓት በኋላ «መብራት መጣ!» ብሎ ሰፈሩ ጮኸ። ኤሊየሰር ወንበሩን ሳበ።

«ቆይ እንጂ ኤሊ፣ ‹መብራቱ መጀመሪያ ይርጋ› የምትለን አንተው አይደለህ? አሁን ሰው ሁሉ ሩዙን በኤሌክትሪክ ሊጥድ ነው፤ መብራቱ ተመልሶ ይሄዳል» አልኩት።

«እትዬ ካሪዳድ፣ እማዬ ዛሬ ሁለቴ አስደውላለች። እኔም ሩዜን ልጣድ!»

ሣቀና ቁልፉን ተጫነ። የሰርቨሩ መጠባበቂያ ባትሪ አብጦ ከተጣለ ከርሟል። አዲሱ አከፋፈል መጻፍ ሲጀምር ማራገቢያው ዝም አለ። መንገዱ ሁሉ በአንድ አፍ «ኤዲያ!» አለ። ኤሊየሰር ግን ብሩሹን አንሥቶ የጸዳውን ማራገቢያ እንደገና መጥረግ ጀመረ።

መብራት ሲመለስ ዲስኩ ላይ አሮጌው አከፋፈልም አዲሱም አልነበረም፤ ተበላሽቶ ቀርቷል። ወራት ታገለው፤ ከውስጡ አንዲት የኒቫልዶ ቃል አላወጣም።

«ደረሰ እንዴ ኤሊ?» ትለዋለች እናቱ።

«ገና ነው እማዬ።»

«በል ሬዲዮዬን አምጣልኝ፤ ሲደርስ ዝግጁ ልሁን።»

«አመጣለሁ።»

ሜሊቶን ሬዲዮውን ጠግኖ፣ አቧራ እንዳይነካው በጨርቅ ሸፍኖ መስኮቱ ላይ አኑሮታል። ኤሊየሰር ዛሬም በዚያ መንገድ አያልፍም።