የጀማል ጀግና

የጎረቤት ልጆች ሉዶ ሲጫወቱ የዳይሱን ድምፅ ስሰማ ዛሬም ልቤ ይደነግጣል።

ታላቅ ወንድሜ ጀማል ዳይስ እየተወረወረ የሚጫወቱትን የጀግኖች ጨዋታ ደንብ መጽሐፍ ከጓደኛው ተውሶ የገባ ቀን መቱ ከተማ ላይ ዝናብ ነበር። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ጀግና ወረቀት ላይ ይሠራል፤ ሙያውንና መሣሪያውን ይመርጣል። ጀግናው ላይ ድክመት የጨመረ በምትኩ ተጨማሪ ጉልበት ያገኛል። የኔ ጀግና ጨለማ ይፈራል አልኩ።

"እሱማ አንተው ነህ፣ አጭበርባሪ!" ብሎ ሳቀብኝ።

"ያንተስ?"

"ልቡ ደካማ ነው። ሲሮጥ ድንገት ሊቆም ይችላል።"

ቡና የምትለቅመው እናታችን ሰፌዱን ለቀቀችው። "ያ ረቢ! በአፍህ አትጥራው! ሌላ ምረጥ!"

"እማ፣ ጨዋታ እኮ ነው።"

"ሌላ ምረጥ አልኩህ!"

ተነሥታ ጓዳ ገባችና አባታችንን "ማን ነገረው?" ስትለው ሰማሁ። ምኑን እንደሆነ አልገባኝም፤ ግን በጣም ፈራሁ። ጀማል ግን ድክመቱን ሰረዘና እንድትሰማው ጮክ ብሎ "እሺ፣ እባብ ይፈራል!" አለ። ቀጥሎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "እንደማውቅ እንዳትነግራት" አለኝ።

ባለፈው ክረምት ጀማል በልብ ሕመም ሞተ። እናቴ ለቅሶ ሊደርስ ለመጣ ሁሉ "ልጄ ሕመሙን ሳያውቅ ነው የሄደው" ትላለች። ከዚያ ወደ እኔ ትዞራለች።

"አዎ እማ፣ አያውቅም ነበር" እላታለሁ።