ለግብፅ ዋስ የሆንሁ ለታ

ጥፋቱ የአፌ ነው። ቡሬ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ድንኳኑ ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ ቢያቅተኝ፣ «የልጅ ልጄ በዓለም ጉባኤ ላይ አገር ወክላ ልትናገር ነው» ብዬ አወራሁ። ጉባኤው የእውነት አይደለም። እዚህ ፍኖተ ሰላም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ክበብ አቋቁመው፣ እያንዳንዳቸው አንዳንድ አገር ይዘው፣ እንደ መንግሥታቱ ስለ ድርቅ፣ ስለ ስደት፣ ስለ ውሃ የሚከራከሩበት ልምምድ ነው። ይህን ግን ድንኳኑ ውስጥ አላብራራሁም። ለቅሶ ቤት ረጅም ወሬ አይወደድም ብዬ ነው።

ወዳጄ ሀጂ፣ የቡሬው በርበሬ ነጋዴ፣ እዚያው ተቀምጠው ነበር። ከሀጂ ጋር ስንት ባልና ሚስት፣ ስንት ድንበርተኛ አስታርቀናል። ምላሳቸው ከሚሸጡት በርበሬ አያንስም።

«እንግዲያማ ሽማግሎቹን ይዤ እመጣለሁ» አሉ። «አገራችን ስትወከል ቤት አንውልም።»

እኔም ደረቴን ነፍቼ «ኑ!» አልሁ።

በማግሥቱ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር ላይ ጠበቅኋት።

«አባባ፣ ዕጣ አወጣን።»

«እሺ፣ ኢትዮጵያ ደረሰችሽ?»

«ግብፅ።»

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ሳቋን ለቀቀችው። «እሰይ! ቡሬ ድረስ ሄደህ አውራ ያለህ ማነው?»

የግሽ ዓባይን ጠበል ተጠምቆ ባደገ ሕዝብ መሃል ቆማ፣ ያውም ስለ ዓባይ፣ ለግብፅ ልትናገር! «ቀይሪያ!» አልኋት። አይቀየርም አለች። የደረሰህን አገር ችግር እንደ ራስህ ችግር አድርገህ መናገር የክበቡ ደንብ ነው። ክበቡን ያቋቋመችው ደግሞ እሷው ናት፤ የገዛ ደንቧን ልታፈርስ ነው? ሌላም ነገር ነገረችኝ። ርዕሰ መምህሩ አዳራሹን የፈቀደው እየፈራ ነው፤ ጩኸትና ሁከት ከተነሣ ክበቡ ይዘጋል ብሏል።

ጩኸትና ሁከቱን በሚኒባስ ከቡሬ የጠራሁት እኔ መሆኔን ልነግራት አልደፈርሁም።

ማታ ማታ እኔን ኢትዮጵያ አድርጋ ትለማመድብኝ ጀመር። ደስ ብሎኝ ነበር የገባሁበት። ሽማግሌ ነኝ፤ አንዲት ተማሪ መርታት ምን ያቅተኛል?

«ክቡር መልእክተኛ» ትለኛለች ቀጥ ብላ ቆማ፣ «እናንተ ዘንድ ክረምት ሲገባ የጣራው ድምፅ እንቅልፍ ይነሣችኋል። እኛ ዘንድ ዝናብ የሚባል ነገር የለም። የምንጠጣውም የምንዘራበትም ያ አንድ ወንዝ ነው። ሳትነግሩን ብትይዙት ምን እንድንሆን ነው?»

እኔም አሰብሁ፣ ጢሜን ዳበስሁ፣ በመጨረሻ «ሂጂና እራት አቅርቢ!» አልኋት።

«እሱ መልስ አይደለም አባባ።»

«የኢትዮጵያ መንግሥት ርቦታል!»

ቀኑ ሲቃረብ ሀጂ ዘንድ ደወልሁና አዳራሹ ጠባብ ነው፣ መንገዱ አቧራ ነው፣ ጨዋታው የልጆች ነው አልኋቸው። «አያ፣ ምነው ዛሬ እንዲህ ትሑት ሆኑ?» ብለው ስልኩን ዘጉት። ቅዳሜ ጧት ሽማግሎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው ከች አሉ።

አዳራሹ ውስጥ እያንዳንዱ ተማሪ የወረቀት ባንዲራ ከፊቱ አቁሟል። ሀጂ ከፊት ወንበር ያዙልኝ። እኔ ግን «ነፋስ አልወድም» ብዬ ከምሰሶው ጀርባ ሄድሁ። አዳራሹ ውስጥ ነፋስ አልነበረም።

ልጅቱ ተነሣች። «ክቡር ሰብሳቢ፣ እኔ የግብፅ መልእክተኛ ነኝ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ሀጂ አንገታቸውን አዙረው በዓይናቸው ፈለጉኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር ያዝሁ። ያደረግሁት ክር የሌለው ጫማ ነው።

«እኛ ዘንድ ዝናብ የለም» ስትል ከኋላ አንዱ «ታዲያ እኛ ምናገባን!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «ውረጂ!» አለ። ፉጨት ተከተለ። ልጅቱ «እኛ ዘንድ…» ብላ ደግማ ጀመረች፤ ፉጨቱ ዋጣት። ርዕሰ መምህሩ ከወንበሩ ብድግ አለ። አበቃ፣ ክበቡ ተዘጋ፣ አልሁ በሆዴ።

በዚህ መሃል የሀጂ ዱላ ወለሉን ደለቀው።

«ኧረ ተዉ! ባለጉዳይ ነገሯን ሳትጨርስ በመሃል የሚገባ ማነው? እዚህ አገር እንዲህ ነው የሚሸመገለው?»

የሚያፏጩት ተቀመጡ። ሀጂ ለካ ጨዋታ መሆኑ አልገባቸውም፤ ወይም ገብቷቸው ንቀውታል። ለእሳቸው ሁለት የተጣሉ ጎረቤቶች ቆመዋል፣ ሽማግሌም አለ፤ ሌላ ምን ይፈለጋል? ሽማግሎቹን ወንበራቸውን አስይዘው መሃል አስገቧቸው። ኢትዮጵያን የያዘውን ረጅም ልጅ በአንድ ወገን፣ የእኔዋን በሌላ ወገን አቆሙ። ሰብሳቢው መምህር ደወሉን በእጁ እንደያዘ ቀረ።

«በይ ልጄ፣ የሆድሽን ጨርሺ።»

ጨረሰችው። እኔን የረታችበትን ሁሉ፣ ከዚያም ያለፈ ተናገረች። ልጁ ደግሞ በተራው፣ ውሃው ከደጃችን አልፎ እየሄደ በኩራዝ እናጠናለን፣ አፈራችንን ጠርጎት ይወርዳል፣ እያለ ግድግዳው እስኪያስተጋባ ጮኸ።

«ቀስ በል ልጄ» አሉት አንዱ ሽማግሌ። «አጠገብህ ናት፤ ትሰማሃለች።»

ሰብሳቢው ደወሉን አስታወሰና «እንግዲህ የሚደግፍ እጁን ያውጣ» አለ።

«የምን እጅ?» አሉ ሀጂ። «እርቅ በእጅ ይቆጠራል እንዴ? የተሸነፈው አኩርፎ ሊገባ ነው። ለሳምንት ቀጠሮ ይያዝ፤ እስከዚያ ሁለቱ ተነጋግረው የተስማሙበትን ይዘው ይምጡ። ዋስ ጥሩ!»

በእኛ ሽምግልና፣ ለቀጠሮው እንደሚመጣና ቃሉን እንደማያጥፍ ሰው ቆሞ ካልተዋሰለት ነገሩ ፈረሰ ማለት ነው። ለኢትዮጵያ ዋስ ሲባል ግማሹ አዳራሽ ተነሣ።

«ለግብፅስ?»

ማንም የለም። ልጅቱ ከአንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው ዓይኗን አሻገረች። ወደ ምሰሶው ግን አላየችም። የጫማውን ነገር አይታኝ ኖሯል መሰለኝ። ስንቱን ሰው «ዋስ ጥራ» ብያለሁ በሕይወቴ! ዋስ ያጣ ሰው ዓይን ምን እንደሚመስል ግን ያን ለታ ነው ያየሁት።

«እኔ ነኝ» አልሁ። ድምፄ እንደ ጫጩት ቀጠነ።

«ማነው እሱ?»

ከምሰሶው ወጣሁ። «እኔ ነኝ! ለግብፅ ዋሷ እኔ ነኝ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሀጂ ሳቃቸውን ውጠው፣ «እንግዲህ አያ፣ መልእክተኛዋ ብትጠፋ ካይሮ ድረስ አንሄድም፤ እርስዎን ነው የምንይዝ» አሉኝ። ርዕሰ መምህሩም እየሳቀ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሳምንቱን ሙሉ መሳቂያ ሆንሁ። ማንጎ የምትሸጥልኝ ሴትዮ እንኳ «ለእርስዎ በዶላር ነው» አለችኝ። ልጅቱና ረጅሙ ልጅ ግን ከትምህርት በኋላ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ሲጨቃጨቁ ይውላሉ ይባላል።

የቀጠሮው ለታ ዘበኛው በሩን ሳይከፍት ደረስሁ። ዋስ ነኛ! ሁለቱም እየተከራከሩ መጡ። የዝናቡን ሁኔታ ቀድመው ሊነጋገሩ፣ ውሃው ሲያንስ አንዱ ያለ ሌላው ላይወስን፣ እኛ ዘንድ ያለውን ተራራ አብረው ችግኝ ሊያለብሱ ተስማምተዋል።

«በሁሉም ተስማማችሁ?» አሉ ሀጂ።

«በሁሉም አይደለም» አለች የእኔዋ።

«ደግ። በሁሉም ተስማማን ብትሉ ኖሮ አናምናችሁም ነበር።»

ርዕሰ መምህሩ ተነሥቶ፣ ለሚመጣው ስብሰባ ወንበር እንዲጨመር አዘዘ። ሀጂ ዱላቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ዋሱ ተፈትተዋል።»

እፎይ! ስል ለራሴ ያልሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ መድረኩ ድረስ ተሰምቷል። የግብፅ መልእክተኛ ፊቷን ልታኮሳትር ሞከረች፣ አልሆነላትም፤ አፏን በወረቀቷ ሸፍና እስኪያንፈራፍራት ሳቀች።