ቢና ነቅሎ ድልድይ መሥራት

ባለፈው ሰኞ ጠዋት... እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ፣ እኔ፣ ልጄና አባቴ ተደርድረን ተቀምጠናል።

ልጄ ኦርታል አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የፊት ጥርሶቿ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበዋል። ስትስቅ ቶሎ ብላ እጇን አፏ ላይ ትከድናለች። ፎቶማ ጭራሽ ከንፈሯን ገጥማ ነው የምትነሳው። ሽቦ ይታሰርልኝ ማለት ከጀመረች ቆየች... እዚህ ልጅ አሥራ ስምንት ሲሞላው ሠራዊት ይገባል፤ ከዚያ በፊት እንዲያልቅላት ነው ጥድፊያዋ።

አባባ ደግሞ እኔና እናቷ ሥራ ሥራ ስንል ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። «ልጅቱን ብቻዋን ለመርፌ አልሰጥም» ብለው ከነከዘራቸው መኪናው ውስጥ ገቡ። እሷም እሳቸው ያልመረቁትን ነገር አትጀምርም።

ሐኪሙ የጥርሷን ራጅ ኮምፒዩተሩ ላይ ከፍቶ በዕብራይስጥ ያስረዳን ጀመር። የፊቶቹን ከማስተካከሌ በፊት ከኋላ ምን እየመጣ እንደሆነ ማየት አለብኝ አለ። ከሁሉ ዘግይተው የሚበቅሉት የመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች ገና አጥንት ውስጥ ናቸው። የታችኞቹ ሁለቱ ተጋድመው ጎረቤታቸውን ይገፋሉ፣ መውጫ ቦታም የላቸው። ሽቦው ሌሎቹን ትንሽ ወደ ኋላ እንዲስብ ከተፈለገ መጀመሪያ እነሱ ይነቀሉ አለ።

እንግዲህ ይህን የመጨረሻ ጥርስ በዕብራይስጥ ‹ቢና› ይሉታል፤ ማስተዋል ማለት ነው። የጥርስ ሽቦውን ደግሞ ‹ጌሼር› ይሉታል፤ ድልድይ።

አባባ ጎኔን ጎሰም አደረጉኝ። «ምን አለ?»

እኔም እንደለመደብኝ ግማሹን ባማርኛ ግማሹን በዕብራይስጥ... «ለቢና ቦታ የላትም አባባ። ቢናዋን ያወጡና ጌሼር ያደርጉላታል።»

አባባ የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆዩም። ቢናን ግን አሳምረው ያውቁታል፤ በየማለዳው ምኩራብ ቆመው ከፈጣሪ የሚለምኑት ነው። ጌሼርንም ያውቁታል፤ አውቶቡሱ የሚያወርዳቸው ድልድዩ ሥር ነው።

ብድግ አሉ።

«ስማኝ አንተ ሰው! እኔ በየቀኑ ስጣት ብዬ የምለምነውን አንተ በጉጠት ልትነቅል ነው? ደግሞ በልጅ አፍ ውስጥ ድልድይ... ማን ሊሻገርበት?»

ሐኪሙ አማርኛ አይሰማም፤ የተነሳውን ከዘራ ግን አየ። ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ።

«አባባ፣ እንደሱ ማለቴ አይደለም...» ብል ማን ሰምቶኝ።

«አንተ ዝም በል! ልጅህን ማስተዋል የላትም ሲልህ እንዴት ራስህን ትነቀንቃለህ? ያላ፣ ተነሽ ልጄ፣ እንሂድ!»

እጇን ይዘው ወደ በሩ።

ኦርታል ፊቷ ተለዋወጠ። ይህን ቀን ስትጠብቅ የከረመች ልጅ ናት... እምቢ ልትላቸው አልቻለችም፣ ወጥታ መሄዱንም አልቻለችም። እኔ በገዛ አፌ የልጄን ጉዳይ ገደል እንደከተትኩት ገባኝና አፈርኩ።

«ሬጋ አባባ፣ አንዴ ይጠብቁኝ» አለች። እጃቸውን ሳትለቅ ወደ ራጁ ጎትታ ወሰደቻቸው። «ይችን ይዩአት። ስሟ ነው እንጂ ቢና፣ ጥርስ ናት። ጌሼሩም ሽቦ ነው።»

መነጽራቸውን አውጥተው፣ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይች የተጋደመችው ናት ማስተዋል?»

«እሷ ናት።»

«ተኝታለቻ!»

ሐኪሙ ከዘራው ዝቅ ማለቱን ሲያይ ነፍስ ዘራ። ነገሩ በዘርም ሊመጣ ይችላልና አንተስ ችግር ነበረብህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሠራዊት እያለሁ አራቱንም አስነቅያለሁ አልኩት። ኦርታል ፈጠን ብላ ለአባባ ተረጎመችላቸው።

አባባ ዞረው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«አራቱንም?»

«አራቱንም።»

«እንዲያ በለኝ! እናትህና እኔ ይኸን ሁሉ ዘመን ይህ ልጅ ምን ነካው እያልን ስንጨነቅ...»

ኦርታል በሳቅ ፈነዳች። አንዱ እጇ አባባ መዳፍ ውስጥ ነው፣ በሌላው ሆዷን ይዛለች... አፏን የሚሸፍን እጅ አልተረፈም። እነዚያን የተደራረቡ ጥርሶች ከነድዳቸው አየኋቸው። እንዴት ያምራሉ! ልጄ አፏን ከፍታ ስትስቅ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው... እንባዬ መጣ። ሐኪሙ ያመመኝ መስሎት ውሃ አቀበለኝ።

አባባ ወንበራቸው ላይ ተመለሱ። «የላይኞቹ ሁለቱስ ይቀሩላታል?»

ጠየቅሁላቸው። ለጊዜው አይነኩም፣ እያየን እንወስናለን አለ።

«ቤሰደር፣ ይሁን፣ የታችኞቹን ይንቀል። ሁለት ይበቋታል። አባቷ ያለ አንድም ቢሆን ይኸው ልጅ አሳድጎ የለ!»

እዚያው ራጁ አጠገብ እንደቆመች መረቋት።

ቀጠሮዋ በሚመጣው ወር ነው። ኦርታል ሰው ፊት አሁንም አፏን ትሸፍናለች። እኔ ቁልፌን የት እንዳስቀመጥኩ ሲጠፋኝ ግን «ቢናውን አስነቅሎ እኮ ነው!» ትልና እጇን ረስታ ትንከተከታለች።

ስለዚህ ሰሞኑን ቁልፌን የማጠፋው ሆን ብዬ ነው...