አያ ተገኘ ያልጠጣው ውሃ

ባለፈው ሳምንት የሽንት ቤት ፍሳሽ የሚመጥጠው መኪና ደጄ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ጎረቤቴ በአጥር አሻግራ፣ «ምነው እቴ፣ ክረምት ደርሶ የለ? ዝናብ ሲጥል ከፈት ብታደርጊው ጎርፉ ይወስድልሽ ነበር» አለችኝ። የት እንደሚወስደው አውቃለሁ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትምህርት ዘግይቼ ስለ ጀመርሁ ገና ስድስተኛ ክፍል ነበርሁ። ከማክሰኝት መጥተን፣ ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ከውዴ ጋር፣ ጎንደር አንድ ቁልቁለት ላይ ቤት ተከራይተን ነበር። ቧንቧው ስለማይታመን የምንጠጣው በግቢያችን ካለው የውሃ ጉድጓድ ነው። ከበላያችን የሚኖረው አያ ተገኘ ዶፍ በወረደ ቁጥር የሽንት ቤቱን ማፍሰሻ በዶማ ይከፍታል። ጎርፉ በአጥራችን ሥር ሾልኮ፣ የበቆሎውን መደብ አቋርጦ፣ የምንጠጣበት ጉድጓድ አፍ ድረስ ይመጣል።

እናቴ ልትለምነው ሄደች። «ዝናብ የእግዜር ነው፤ እኔ ላግደው ነው?» ብሎ ሳቀባት።

በነሐሴ ውዴን ታይፎይድ ጣላት። ሳበጥራት ፀጉሯ እፍኝ እፍኝ እየሆነ በእጄ ይቀር ነበር። እኔም ማፍሰሻውን የከፈተባቸውን ቀኖች በደብተሬ ጀርባ መዝግቤ፣ አደይ እስኪፈነዳ ታገሥሁ።

በመስከረም የሚካኤል ማኅበር ተራው የአያ ተገኘ ነበር። እንደ ጎረቤት ልጅ ላስተናግድ ገባሁ። ማኅበርተኛው ዳቦውን ቆርሶ ጠላውን ሲይዝ፣ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ይዤ ፊቱ ቆምሁ።

«እንኩ አያ ተገኘ፣ ይጠጡ።»

«ምንድን ነው?»

«ውሃ ነዋ። ከኛ ጉድጓድ የቀዳሁት።»

ብርጭቆውን ተቀብሎ መሬት አስቀመጠው። ቄሱ ነገሩ አልገባቸውም፤ «ምነው ተገኘ፣ የጎረቤት ውሃ ይናቃል?» ብለው ሳቁ።

«ውዴማ ጠጥታዋለች» አልሁ። «የእግዜር ዝናብ ነው ብለውን የለ? ይጠጡ እንጂ።»

«ውሰጂልኝ ይሄን!» ብሎ በእጁ ገፋው። ውሃው ሲፈስ አጠገቡ የነበሩት ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሸሹ።

አንዲት አሮጊት፣ «ለካ ያውቅ ኖሯል» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ከዚያ ወዲያ በተራው ጠላውን የሚቀምስ ጠፋ፤ «በምን ውሃ ጠመቀው?» ይባል ጀመር። ማፍሰሻውን በሲሚንቶ ደፈነ፤ ሽማግሌም ላከ። እናቴ ታረቀችው፤ እኔ ከክፍሌ አልወጣሁም።

አምና ሲሞት ውዴ ለቅሶ ደረሰች። የታመመችው እሷ ናትና ይቅር ማለትም የእሷ ፋንታ ነው። እኔ አልሄድሁም። ቂም ኃጢአት መሆኑን አላጣሁትም፤ ግን ያን ክረምት ውሃውን እየቀዳሁ ለውዴ ያጠጣኋት በገዛ እጄ ነበር።